ሰልባትዮ ውስጥ የገባው ፌስታል

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የቁጠባና የብድሩ ሪፖርት ተባዝቶ በእጃችሁ ስላለ አላነበውም። የተሰጠኝን ጊዜ ስለ ሞተር ሳይክላችን የቤንዚን ጋን ለመናገር ሰብሳቢያችንን አስፈቅጃለሁ። ከኋላ የምትሥቁትን እሰማለሁ። ሒሳብ ያዥ ስለ ሞተር ምን አገባት ለምትሉ፣ ሞተሯ በንብረት መዝገባችን ላይ ከእህል ወፍጮው ቀጥላ ውዷ ዕቃችን ናት። በየገጠር ቀበሌው ካሉት የቁጠባ ቡድኖች ጋር የምታገናኘን እሷ ናት። ገንዘብ ሰብሳቢዋ እህታችን የቡድኖቹን ብር ይዛ የምትመለሰውም በእሷው ነው። እሷ ስትቆም አብሮ የሚቆመው ብዙ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ የታየኝ በደረሰኝ ነው። በሦስት ሳምንት ውስጥ ሦስት የጋራዥ ደረሰኝ መጣ። አንደኛው ካንዴላ ተቀየረ ይላል። ሁለተኛው ካርቡራቶር ታጠበ። ሦስተኛው ካርቡራቶር እንደገና ታጠበ፣ የአየር ማጣሪያም ተቀየረ። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እንከን አይወጣለትም፤ ማኅተሙም ፊርማውም በቦታው አለ። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አንድ ነገር ይናገራሉ፦ የተከፈለው በሽታው ሳይገኝ ነው። የሦስቱ ድምር ደግሞ ለአንድ ወር ቤንዚን ከምናወጣው በልጧል።

ሞተረኛችንን ጠርቼ ምን እንደምትሆን ጠየቅሁት። ሜዳ ላይ ደኅና ናት፣ ዳገት ስትይዝ ግን ቤንዚን እንዳለቀባት ትርገፈገፍና ትጠፋለች አለኝ። ጥቂት አቁሞ ሲያስነሣት ትነሣለች። ወደ ሪዘርቭ ሲያዞራትም ትንሽ ትሄዳለች። ጋራዥ ስትደርስ ምንም የላትም። አንዲት እናታችን ይህን ሰምተው «ቡዳ ሳይበላት አይቀርም» ብለው አሥቀውናል።

ሣቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ከአባይ ሸለቆ በኩል ወደ መካነ ሰላም ሲመለሱ ዳገቱ ላይ አራት ጊዜ ቆመችባቸውና መሸ። እህታችን የሦስት ቡድን ገንዘብ እንደያዘች ከማታውቀው ሰው ቤት አደረች። ቤቱ የደግ ሰው ቤት ሆነ፤ እግሯን አጥበው፣ አብልተው፣ መደብ ለቀው አሳደሯት። ገንዘቡም ሳይጎድል ገባ። ይሁን እንጂ ደግ ሰው ቤት መድረሷ የእኛ አሠራር ውጤት አይደለም። ይህን ጉዳይ ወደ ስብሰባ ያመጣሁትም ስለዚህ ነው።

ሞተረኛው በማግስቱ የተደበቀውን አወጣው። አገራችን ቤንዚን የምታስገባው ተጣርቶ ከውጭ ነው። ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ ያን ሁሉ በረሃና ዳገት አቋርጦ ነው እኛ ደጋ የሚደርሰው። ማደያው ባዶ ሲሆን ሰዉ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ይገዛል። ሻጮቹ ቤንዚኑ እንዳይተን ብለው ከክዳኑ ሥር የፌስታል ቁራጭ ያደርጋሉ። ሞተረኛችን ያንን ቤንዚን ወገቡ በተቆረጠ ሌላ ሃይላንድ አድርጎ ሲገለብጥ ፌስታሉም ክዳኑም አብረው ገቡ። «ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ አወጣዋለሁ» ብሎ ጠበቀ። አልተንሳፈፈም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ እኔም ጠይቄ የተረዳሁት ነው። የሃይላንድ ክዳን ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቤንዚን ውስጥ ግን ይሰምጣል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ አንድ ሊትር ቤንዚን ግን ሦስት ሩብ ኪሎ ገደማ ነው። ክዳኑ የተሠራበት ፕላስቲክ ከውሃ ይቀላል፣ ከቤንዚን ይከብዳል። ስለዚህ ጋኑ ወለል ላይ ቁጭ ይላል። ቤንዚን ውስጥ የገባ ውሃም እንዲሁ ከሥር ይተኛል። ከላይ ሆኖ ማየት የማያዋጣው ለዚህ ነው።

ክዳኑ ራሱ ብዙ ጉዳት አላደረሰም ነበር። አጥፊው ፌስታሉ ነው። የዚህ ዓይነት ሞተር የቤንዚን ፓምፕ የለውም፤ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ከጋኑ ወደ ካርቡራቶር ይወርዳል። ከመክፈቻው በላይ፣ ጋኑ ውስጥ፣ ቀጭን ወንፊት ያለባት ቱቦ ቆማለች። ዳገት ላይ ሞተሩ ብዙ ሲጠጣ ፌስታሉ ተስቦ ወንፊቷ ላይ ይለጠፋል፤ ቤንዚኑ ይቋረጣል፤ ሞተሩ ይጠፋል። ሲጠፋ የሚስበው ነገር ስለሌለ ፌስታሉ ይላቀቃል፤ ሞተሩም ይነሣል። ሪዘርቭ የሚቀዳው ከዝቅተኛ ቦታ፣ በሌላ ቀዳዳ ስለሆነ ለጊዜው ይሠራል። የቡዳው ነገር ይኸው ነው።

ይህንኑ ምልክት የሚያሳይ ሌላም ጉድለት አለ፦ የጋኑ ክዳን ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ስትደፈን። አየር ካልገባ ቤንዚን አይወርድም። መለያው ቀላል ነው። ሞተሩ ሲጠፋ ክዳኑን ከፍቶ መዝጋት፤ አየር ፉት ሲል ከተሰማና ሞተሩ ከተነሣ ጥፋቱ ከክዳኑ ነው። ይህን ለማወቅ ምንም ብር አይወጣም፤ እኛ ግን ከዚያ በፊት ካንዴላ ገዝተናል።

አንድ ጎረቤት «ተዉት፣ ቤንዚን ውስጥ ሟሙቶ ያልቃል» ብለው ነበር። ፌስታል ቤንዚን ውስጥ አይሟሟም። የሚሟሟው ነጩ የዕቃ መጠቅለያ ፎም ነው፤ እሱ ደግሞ ሟሙቶ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡራቶሩን ደቃቅ ቀዳዳ ይደፍናል፤ የባሰ ነው። ጨርቅ ከገባም ክሩ እየተፈታ ይወርዳል።

አሁን ዋናውን ልናገር። ሞተሯን የወሰድንበት ቦታ ባለሙያው የሰልባትዮውን ሆድ ቆርጦ፣ ዕቃውን አውጥቶ መልሶ ሊበይደው ሐሳብ አቀረበ። ዋጋም ተናገረ። እኔ ዋጋው ላይ ለመከራከር አልደረስሁም። ብየዳ የሚለውን ስሰማ «ሞተሯን ስጡን፣ ይዘናት እንሄዳለን» አልሁ። ባዶ የቤንዚን ጋን ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው። የሚነደው ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተቀላቀለው እንፋሎት ነው። ሙሉ ጋን ውስጥ አየር የሚገባበት ቦታ የለም። ባዶው ጋን ግን በእንፋሎትና በአየር የተሞላ ነው፤ ከመቶ እጅ አንድ ተኩል ያህል እንፋሎት ለፍንዳታ ይበቃል። ቤንዚን ደግሞ በእኛ በደጋው ብርድ እንኳ ይተናል፤ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ላይ ጭምር። አንዴ ታጠበ ብሎ በያጅ ፊት ማስቀመጥ በሰው ሕይወት መጫወት ነው።

ያደረግነው ይህ ነው። ሞተሯን ከማድቤትም ከከሰልም ራቅ አድርገን ውጭ አቆምን፤ እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ ምድጃ ያገኛል፤ ስለዚህ «ራቅ» ስል አምስት እርምጃ ማለቴ አይደለም። ቤንዚኑን በመክፈቻው ቱቦ ወደ ጀሪካን አወረድን። በአፍ በጎማ መሳብ የለመዳችሁ ካላችሁ ተዉት። ወደ ሳንባ የገባች ጥቂት ቤንዚን ሳንባን ታቆስላለች። የዋጠ ሰው ቢኖር እንዲያስመልስ ማድረግ ይብስበታል፤ በቶሎ ወደ ሆስፒታል ነው።

ከዚያ መቀመጫው ተነሣ፣ ጋኑን የያዘው ብሎን ተፈታ፣ ጋኑ ከነመክፈቻው ወጣ። መክፈቻው ሲፈታ ፌስታሉ ወንፊቷ ላይ እንደ ሻሽ ተጠምጥሞ ተገኘ። ክዳኑ ግን አስቸገረ። የሞተር ጋን መካከሉ ኮርቻ ስለሆነ ከሥር በሁለት ወገን ይከፈላል፤ ዕቃው በማዶ ከተቀመጠ አይታይም። ጋኑን ወደ አፉ ደፍተን እያነቀነቅን፣ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን ሽቦ አወጣነው። ለማየት የተጠቀምነው የባትሪ መብራት ነው፤ ከአፉ ራቅ አድርገን አብርተን። ክብሪትና ሻማ ይዞ የሚጠጋ ሰው ካለ ከግቢው ይውጣ።

የገባው ብሎን ወይም ብረት ቢሆን ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ይረዳ ነበር። ጋኑም ብረት ስለሆነ ትልቅ ማግኔት ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ ትንሽ ሆኖ በጠንካራ ሽቦ ጫፍ የታሰረ ይሻላል። የነሐስ ቁልፍን ማግኔት አይስብም፤ እሱን በሽቦ ነው።

ጋኑ በጥቂት ንጹሕ ቤንዚን ታጥቦ ጥላ ውስጥ ደረቀ። የቆሸሸው ቤንዚን ነገር ለእኛ ለሴቶቹ ይበልጥ ይመለከተናል። «ለኩራዝ ይሆናል» ያለች ነበረች። አይሆንም። ኩራዝና የላምባ ምድጃ የተሠሩት ለነጭ ጋዝ ነው፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ ሲለኮስ ይፈነዳል። ወንዝ ውስጥም አይደፋም። ጥቅጥቅ ባለ ጨርቅ አጥልለን፣ አስቀምጠን፣ ከሥር ውሃ አለመተኛቱን አይተን፣ ጥቂት በጥቂት ለሞተሯ መልሰን ሰጠናት።

ለዚህ ሁሉ ያወጣነው የግማሽ ቀን ጉልበትና የአዲስ ጎማ ማሰሪያ ዋጋ ነው። መዝገቡ ላይ ከሦስቱ ደረሰኞች ቀጥሎ ጽፌዋለሁ፤ ደጋፊዎቻችን ማየት ትችላላችሁ።

አሁን የቀረኝ ይህን የመሰለ ነገር ሦስት ሳምንት ለምን ተደበቀ የሚለው ነው። ሞተረኛችን ሰነፍ አይደለም። እኔ ከመቀጠሬ በፊት የነበረው ሞተረኛ መስተዋት ሰብሮ ከደመወዙ እንደተቆረጠበት ሰምቷል። የአንድ ወር ደመወዝ ለሚያስተዳድረው ቤተሰብ ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ዝም አለ። ዝምታው ለማኅበሩ ከመስተዋቱ ብዙ እጥፍ ወጪ አመጣ፤ እህታችንንም ሜዳ ላይ አስመሸ። በሕጉም ቢሆን የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ ወይም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልሆነ፣ አለዚያም ሠራተኛው በጽሑፍ ካልተስማማ ደመወዝ እንዲቆረጥ አይፈቅድም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ሲሶውን ማለፍ የለበትም።

አንዳንድ እናቶች በሻይ ሰዓት «ታዲያ ዝም ብሎ ያጥፋን?» ብላችሁኛል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሰክሮ የነዳ፣ ቤንዚን የሸጠ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የሚታየውም በሌላ መንገድ ነው። እኔ የምለው በሥራ ላይ ለወደቀ፣ ለተሰበረ፣ ለገባ ነገር ነው።

ስለዚህ ለዛሬ ውሳኔ ሁለት ነገር አቀርባለሁ። አንደኛው፣ ወንፊት ያለበት የብረት ኢንቡቶ ተገዝቷል፤ ከቢሮው በር ጀርባ ተሰቅሏል፤ ሞተሯ ያለ እሱ ከግቢ እንዳትወጣ፣ ከመንገድ ዳር ሲገዛም ክዳኑና ፌስታሉ ኪስ ሳይገባ እንዳይገለበጥ። ሁለተኛው፣ በዚያው ቀን ለተነገረ የዕቃ ጉዳት ከማንም ደመወዝ እንዳይቆረጥ በሥራ ደንባችን ላይ ይጻፍ። ፌስታሉና ክዳኑ ጠረጴዛው ላይ በብልቃጥ ተቀምጠዋል፤ ማየት የምትፈልጉ እዩዋቸው። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር፤ ከዚያ እጅ እንቆጥራለን።