የቀረችውን እህት እንጠይቅ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ገንዘብ ከመነጋገራችን በፊት አንድ ጥፋታችንን እንናገር። የምንናገረው በባለቤቷ ፈቃድ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ሦስት ስብሰባ በተከታታይ ቀረች። ደንባችን «ሦስት ጊዜ የቀረች ትቀጣለች» ስለሚል ቀጣናት። ቅጣቱን በጎረቤት ልጅ ላከች፤ እሷ ግን አልመጣችም። «ኮራችብን» አልን። ቁጠባዋን ይዛ ልትወጣ ነው ብለን ያማናትም ነበርን። በመጨረሻ ሁለት ሆነን ቤቷ ሄደን ስናንኳኳ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። የቆለፈችው ሌባ ፈርታ ሳይሆን እናቷ እንዳይወጡባት ነው። እማማ ሁለት ጊዜ ወጥተው መንገዱ ጠፍቶባቸው ሰው ነው የመለሳቸው። ልጃቸውን «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» ይሏታል፤ ሌሊት ተነሥተው ከሰል ላቀጣጥል ይላሉ። እህታችን ጉሊቷን ከተወች ስምንት ወር አልፏት ነበር። የብድር ክፍያዋን ግን አንድም ወር አላጓደለችም። ከየት አምጥታ እንደከፈለች ለመጠየቅ አፈርን።

ሠፈሩ «ጃጅተዋል፣ ዕድሜ ነው» ይላል። እኛም የምናውቀው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ይህ የእርጅና ወግ ሳይሆን የአንጎል ሕመም ነው፤ ሐኪሞች ዲሜንሺያ ይሉታል፣ በብዛት የሚታየው ዓይነት አልዛይመር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2021 ሕመሙ ያለባቸው 57 ሚሊዮን ሰዎች ነበሩ። ከእነዚህ ከመቶ 60 በላይ የሚሆኑት የሚኖሩት እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ለታማሚዎች ከሚውለው የእንክብካቤ ሰዓት ውስጥ ከመቶ 70 ያህሉ የሴቶች ነው፤ ይህን ለማመን እንኳ ጥናት አላስፈለገንም። እ.ኤ.አ. በ2019 ሕመሙ ዓለምን 1.3 ትሪሊዮን ዶላር አስወጥቷል ሲባል፣ ግማሽ ያህሉ ቤተሰብና ወዳጅ ያለ ክፍያ ያፈሰሰው ጉልበት ነው። የእህታችን ስምንት ወር እንዲህ ያለ ጉልበት ነው። በእኛ መዝገብ ግን «ቀሪ» ተብሎ ተጽፏል።

የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። ሆኖም ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገለጸው፣ 14 አጋላጭ ነገሮች ቢስተካከሉ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን መከላከል ወይም ማዘግየት ይቻላል። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ የመስማት ችግር፣ የተበከለ አየር፣ ብቸኝነት፣ በልጅነት አለመማርም ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። የመጨረሻው ለብዙዎቻችን አልፏል፤ ለልጆቻችን ግን አላለፈም።

ደጋፊዎቻችን፣ የምንጠይቃችሁ ሕንፃ አይደለም። ከመካከላችን የአረጋውያን ማዕከል እንሥራ ያሉ ነበሩ፤ ሁለት ስብሰባ ተከራከርንበት። ግን እማማን ማዕከሉ ድረስ ማን ያመጣቸዋል? ከማያውቁት ቤትስ እንዴት ይለምዳሉ? ስለዚህ አንደኛ የምንፈልገው ለተተኪ የቀን አበል ነው። አንዷ በሳምንት ሁለት ግማሽ ቀን ከታማሚዋ ጋር ትቀመጣለች፤ አስታማሚዋ ገበያዋን ትወጣለች፣ ወይ ትተኛለች። «እህትማማች አይደለን፣ በነጻ ይሁን» የሚል ሐሳብ መጥቶ ነበር። የምትሄደዋም የዕለት እንጀራዋ እንዳለባት ረስተን ነው። ተተኪዎቹን ነርስ ታሠለጥናቸዋለች። ለምሳሌ ታማሚዋ በገዛ ቤታቸው ተቀምጠው «ቤቴ ውሰዱኝ» ሲሉ ክርክር እንደማይጠቅም፣ እጃቸውን ይዞ ስለዚያ ቤት እንዲያወሩ ማድረግ እንደሚሻል።

ሁለተኛው የደም ግፊት መለኪያ ነው። በየስብሰባው ቡናው እስኪፈላ እንለካካለን፤ ከፍ ያለባትን ወደ ጤና ጣቢያ እንሸኛታለን እንጂ እኛ አናክምም። መድኃኒት መግዣ ለሚያጥራት ትንሽ መጠባበቂያ ይያዝልን፤ ግፊት ስለማያም ኪኒኑ ቶሎ ይቋረጣል። ጸበል የምትጠመቅ ትጠመቅ፣ ኪኒኗን ግን አትተው።

ዛሬ ለድምፅ የምናቀርበው የደንብ ማሻሻያም አለ። «ሦስት ጊዜ የቀረች ትቀጣለች» የሚለው ወጥቶ «ሁለት ጊዜ የቀረች ቤቷ ተሂዶ ትጠየቃለች» የሚለው ይግባ ብለናል። የእህታችንን ቅጣት መልሰንላታል። ዛሬ አብራን ተቀምጣለች። እናቷ ዘንድ ያለችው ተተኪ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ስለምትቆይ፣ ድምፅ መስጠቱን አሁን እንጀምር።