ከአኩፋዳ እስከ ዶላር

ከቤቱ ርቆ የሚማር ሰው በምን ይኖራል?

ለወሎዋ ሐይቅ ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መነኩሴው አባ ኢየሱስ ሞዓ በትግራይ ደብረ ዳሞ ተምረው መጥተው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ማስተማር ጀመሩ። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከሸዋ መጥተው ከእሳቸው ዘንድ ተምረዋል።

እንዲህ ከቤቱ ርቆ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማረው የቆሎ ተማሪም የራሱ በጀት አለው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ ዱላ ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል። ያገኘውን ሁሉ በዕለቱ አይጨርስም፤ የተረፈው ቁራሽ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል፤ ዝናብ ከደጅ ሲያስቀረው እሱን ይበላል። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ የተሻለ የቁጠባ ትምህርት አላውቅም።

ዛሬ ከሐይቅ አጎራባች ከአምባሰል ተነስቶ ባሕር ማዶ ለሚሄድ ተማሪ ግን ብር እንደ ድርቆሽ አይቀመጥም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቤተሰብ በብር ያጠራቀመው ገንዘብ ውጭ አገር ሲደርስ አቅሙ በግማሽ ገደማ አነሰ።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘሁ» ሲላችሁ ከእልልታው በፊት ይህን ጠይቁ፦ የቤት ኪራይና የጤና መድኅን ይጨምራል ወይ?