የዕለት ኑሮን አይቶ ስለ መጻፍ
በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር




መሐንዲሶች ተሰብስበው ስለ ድልድይ፣ ስለ ግድብ፣ ስለ አፈርና ስለ ብረት ቢነጋገሩ የሚደነቅ ሰው የለም። ስለ ፈጠራ ጽሑፍ ሲነጋገሩ ግን «ይህ ከሙያው ጋር ምን ያገናኘዋል?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከወዲሁ ማስቀመጥ ይሻላል። የፈጠራ ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሞ የማየትና የማዳመጥ ሥራ ነው። ማየትና ማዳመጥ ደግሞ ለመሐንዲስ የግድ የሚያስፈልጉት ሆነው ሳለ፣ በትምህርቱ ዘመን በመለኪያ መሣሪያ በኩል ካልሆነ በቀር እምብዛም የማይማራቸው ችሎታዎች ናቸው። የዕለት ኑሮን እያስተዋለ መጻፍን የተለማመደ ባለሙያ ደራሲ ለመባል ባይበቃ እንኳ፣ ለማን እንደሚሠራ የሚያውቅ ባለሙያ ለመሆን ይበቃል።

ስለ ድርሰት በተነሣ ቁጥር በቅድሚያ የሚጠራው ተሰጥዖ ነው። «እገሌ ሲፈጥረው ጸሐፊ ነው» ይባላል፤ በዚህም አነጋገር ያልተሰጠው ሁሉ ብዕሩን እንዲያስቀምጥ ይፈረድበታል። የኢትዮጵያ ነባር ትምህርት ግን ይህን ፍርድ አይቀበለውም። የቅኔ ተማሪ ባለ ሁለት ቤት ከሆነው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ ዘአምላኪየና ወደ ሚበዝኁ እያለ ደረጃ በደረጃ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ሥር ወይም በወንዝ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፤ መምህሩም ያቃናለታል፤ በማግሥቱ ሌላ ይቈጥራል። መንፈስ እስኪወርድለት እንዲጠብቅ የሚመክረው የለም። ተሰጥዖ ቢኖረው በልምምዱ ይገለጣል፤ ባይኖረውም ቋንቋውንና አካባቢውን የሚያስተውልበት ዐይን ያገኛል።

ልምምዱ ከምን መነሣት እንዳለበት ደግሞ ከአዝማሪና ከሙሾ አውራጅ መማር ይቻላል። አዝማሪ አዲስ እንግዳ ሲገባ ኮቱን፣ አቀማመጡን፣ አብሮት የመጣውን ሰው አይቶ ግጥሙን እዚያው ይቋጥራል። ሙሾ አውራጇም እንዲሁ ናት። «ደግ ሰው ነበር» ስትል ለቀስተኛው ራሱን ይነቀንቃል፤ በቅሎው ከደጅ እንደታሰረች መቆሟን፣ ጋቢው ከተሰቀለበት አለመውረዱን ስታነሣ ግን ቤቱ በዋይታ ይናወጣል። ደግነት የወል ስም ነው፤ ለማንም ይሰጣል። ያ ጋቢ ግን የአንድ ሰው ጋቢ ነው፤ ኀዘኑም ያለው ከጋቢው ላይ ነው። ጀማሪ ጸሐፊ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ትልቁን ስሜት በትልቅ ቃል ለመግለጥ ይሞክራል፤ ቃሉም ባዶውን ይቀራል።

ትንሹን ነገር በትዕግሥት መመዝገብ ለጸሐፊ ምን እንደሚያስገኝ የሩሲያዊው የአንቶን ቼኾቭ ታሪክ ያስረዳል። ቼኾቭ እ.ኤ.አ. በ1884 ከሞስኮ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀ ሐኪም ነበር። በ1890 እስረኞች ይጋዙባት ወደነበረችው ወደ ሳኻሊን ደሴት ተጓዘ፤ በዚያም በቈየባቸው ሦስት ወራት ያህል ከቤት ቤት እየዞረ ወደ 10,000 የሚጠጉ የሕዝብ ቈጠራ ካርዶችን ሞላ። ካርዱ የሚጠይቀው ተራ ነገር ነው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የትውልድ ቦታ፣ ወደ ደሴቲቱ የገቡበት ዓመት፣ ሥራ፣ ማንበብና መጻፍ መቻል አለመቻል፣ የጋብቻ ሁኔታ። በ1895 በመጽሐፍ መልክ ባወጣው ጽሑፍ እንደገለጠው ግን፣ ከቈጠራው ውጤት ይበልጥ የፈለገው በመቍጠሩ ሂደት የሚያየውንና የሚሰማውን ነበር። ካርዱ በየጎጆው ለመግባት፣ ከሰዎቹ ጋር ፊት ለፊት ለመቀመጥ ምክንያት ሆነው። ቼኾቭ ካርዱን ሳይንቅ፣ ከካርዱ የተረፈውንም ሳይጥል ሁለቱን ይዞ ተመለሰ።

መሐንዲስም የራሱ ካርድ አለው፤ እርሱም የዕለት ሥራ መዝገብ ነው። «12 ሜትር ኩብ አርማታ ተሞላ፤ 30 የቀን ሠራተኞች ተገኝተዋል» ተብሎ ይጻፍበታል። ይህ እውነት ነው፤ ክፍያም ክርክርም የሚቆመው በዚሁ ነው። ነገር ግን በዚያው ቀን፣ በዚያው ሥፍራ ባሬላ ከሚሸከሙት ሴቶች አንዷ እጀታውን ከነጠላዋ ጫፍ በቀደደችው ጨርቅ ጠቅልላው ይሆናል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሌሎቹ ጥላ ሲፈልጉ፣ እርሷ ከዘበኛው ዘንድ በአደራ ያስቀመጠችውን ሕፃን ለማጥባት ወደ በሩ ትሮጥ ይሆናል። ካቦው ስም ሲጠራ ከሁሉ ቀድማና ከሁሉ ጮኻ «አቤት» የምትለውም፣ ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ሳይቈጠርላት ስለቀረ ይሆናል። በመዝገቡ ላይ ከ30ዎቹ አንዷ ናት። ይህን ያየ ሰው በጻፈው ገጽ ላይ ግን ራሷን የቻለች ሰው ትሆናለች፤ «ደከማት» የሚል አንድ ቃል ሳይጨመር አንባቢው ድካሟን ያውቀዋል።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ልምምድ እንደሚከተለው ሊሆን ይችላል። በየማታው፣ ከሩብ ሰዓት ላልበለጠ ጊዜ፣ በዕለቱ ስለታየ አንድ ነገር ብቻ ዐሥር መስመር መጻፍ ነው። «አዘነ»፣ «ተናደደ»፣ «ተደሰተ»፣ «ፈራ» የሚሉት ቃላት ወደነዚያ መስመሮች እንዳይገቡ መከልከል ይገባል። በወረፋ ላይ የቆመ ሰው መናደዱን ከመጻፍ ይልቅ፣ በእጁ የያዘውን ደረሰኝ አጥፎ አጥፎ ጥፍር እንዳሳከለው መጻፍ ይሻላል። ልጁን ወደ ሩቅ አገር የሸኘ አባት መናፈቁን ከመንገር ይልቅ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመልሶ ከበሩ ሥር የቀረውን የልጁን አሮጌ ጫማ አንሥቶ፣ አራግፎ፣ እዚያው መልሶ እንዳስቀመጠው መናገር ይበልጣል። ክልከላው ለጊዜው ያስጨንቃል፤ ነገር ግን ጸሐፊው የስሜቱን ስም ሲያጣ፣ የስሜቱን ምልክት ለመፈለግ ይገደዳል።

ሁለተኛው ልምምድ የራስን ስሜት መታዘብ ነው። ይህ ከፊተኛው ይከብዳል፤ ሰው ስለ ራሱ ሲጽፍ ወይ ይመጻደቃል፣ ወይ ያለቅሳል። መድኃኒቱ ራስን እንደ ሌላ ሰው በሦስተኛ መደብ መመልከት ነው። ከአዲስ ወለል አርማታ ሥር የባሕር ዛፍ ድጋፎች በሚነሡበት ቀን የቆመ መሐንዲስ ፍርሃትን ያውቃል። ስሌቱ ልክ ነው፤ የናሙናው ውጤትም ደርሷል፤ ሆኖም የመጀመሪያው ቋሚ ተመትቶ ሲወድቅ የሚሰማው ድምፅ ሆዱ ውስጥ ይገባል። በዚያች ሰዓት እጁን የት አድርጎት ነበር? ዐይኑ ወደየትኛው ጥግ ሄደ? ለፎርማኑ ምን ብሎ ቀለደ? እነዚህን በሐቅ የጻፈ ሰው፣ ሌላ ጊዜ ሚስቱ ስታምጥ በረንዳ ላይ ስለሚንቈራጠጥ ባል ሲጽፍ የሚበደረው እውነተኛ ፍርሃት ይኖረዋል።

ሦስተኛው ልምምድ ማዳመጥ ነው። ለዚህ ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ምስክር ነው። መንግሥቱ የአባቱን የአለቃ ለማ ኃይሉን ትዝታ ከአንደበታቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. «መጽሐፈ ትዝታ» ብሎ አሳትሟል። የመጽሐፉ ትልቅ ዋጋ የሽማግሌው አነጋገር ለዛውን ይዞ መቅረቱ ነው፤ አንባቢው ከአለቃ ፊት የተቀመጠ ያህል ይሰማዋል። የአማርኛ ንግግር በተለይ እንዲህ ያለ ጆሮ ይሻል፤ ብዙ ነገር ሳይባል ይባልበታልና። ሥራው መቼ እንደሚያልቅ የተጠየቀ ተቋራጭ «እግዚአብሔር ካለ ለቅዳሜ» ይላል፤ አሠሪውም «ይሁን እንግዲህ» ብሎ ይመልሳል። ያ «ይሁን» ፈቃድ ነው፣ ዛቻ ነው፣ ወይስ ተስፋ መቍረጥ? ቃሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው በድምፁ፣ በዝምታው ርዝመትና ሰውየው ከዚያ በኋላ ባደረገው ነገር ላይ ነው። ሦስቱን የሰማ ጸሐፊ «አሠሪው አልተደሰተም» ብሎ ማብራራት አያስፈልገውም።

የዕለት ኑሮ ሲባል ፍቅርና ኀዘን ብቻ የሚመስለው ሰው ካለም ሥራን ዘንግቷል። ጣሊያናዊው ፕሪሞ ሌቪ በሙያው ኬሚስት ሲሆን በቱሪን አካባቢ በሚገኝ የቀለም ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 በመፍቻ ስም የሰየመውን ልብ ወለድ አወጣ። የመጽሐፉ ዋና ሰው አገር ላገር እየዞረ ክሬንና ድልድይ የሚገጥም የብረት ሠራተኛ ነው፤ የሚተርከውም የሥራውን ውጣ ውረድ፣ የሚያዳምጠውም አንድ ኬሚስት ነው። መጽሐፉ በማግሥቱ ዓመት የጣሊያን ከፍተኛ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የሆነውን ስትሬጋን አገኘ። የላላ ብሎን በሚያውቀው ሰው አፍ ሲነገር የሰውን ልብ ሊያንጠለጥል እንደሚችል ሌቪ አሳይቷል።

እዚህ ላይ የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ ይመጣል። አይቶ መጻፍ ለመዝናኛ ብቻ የሚሆን ቢሆን ኖሮ፣ ቢቀርም የሚጎዳ ሰው ባልኖረ ነበር። ሩሲያዊው አንድሬይ ፕላቶኖቭ መሐንዲስም ደራሲም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1921 የደረሰው ድርቅ ልቡን ስለነካው ለጊዜው ድርሰትን ወደ ጎን ትቶ በትውልድ አካባቢው በቮሮኔዥ የመሬትና የውሃ ልማት ሥራ መራ፤ በዚያም ከ700 በላይ ኩሬዎችና ከ300 በላይ የውሃ ጉድጓዶች ተሠሩ። በ1927 ስለ ኤፒፋን የውሃ በሮች የሚተርክ ልብ ወለድ አሳተመ። በታሪኩ ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በታላቁ ጴጥሮስ ተቀጥሮ ወንዞችን በቦይ ለማገናኘት ይመጣል። ካርታ አለው፤ ስሌት አለው፤ ገበሬዎች በግዳጅ ይቈፍሩለታል። ሥራው ሲፈተሽ ግን ውሃው ለመርከብ የሚበቃ ሆኖ አልተገኘም፤ መሐንዲሱም በሞት ተቀጣ። ውሃው እንደማይበቃ የኤፒፋን ሴቶች ከዓመት በፊት ያውቁ ነበር። በስሌቱ ውስጥ የእነርሱ ዕውቀት ቦታ አልነበረውም።

በኢትዮጵያም ምንጭ የሚጎለብትበትንና የሚቀጥንበትን ወር ከሁሉ አስቀድማ የምታውቀው እንስራ ተሸካሚዋ ናት። ዕውቀቷን ግን በሊትርና በሰከንድ አትናገረውም። «ዘንድሮ ገና በየካቲት ሌሊት መነሣት ጀምረናል» ትላለች። ይህ ዐረፍተ ነገር ለጸሐፊ የኑሮ ታሪክ፣ ለመሐንዲስ የውሃ መጠን መረጃ ነው። ጆሮው ያልሠለጠነ ሰው እንደ ተራ እሮሮ ሰምቶ ያልፈዋል። ጆሮው የሠለጠነ ግን «ሌሊት ስንት ሰዓት? አምና በየትኛው ወር ነበር? ሕፃናቱን ማን ይጠብቃል?» ብሎ ይጠይቃል። ያን ጊዜ ንድፉም ጽሑፉም ይስተካከላል።

ነገር ግን የሰውን ኑሮ ማየት አደራም አለበት። ለቅሶ ቤት ደብተር አይወጣም። የተናገረው ሰው ስምና መለያ ተለውጦ ይጻፋል፤ ምስጢር ሆኖ የተነገረው ምስጢር ሆኖ ይቀራል። ለዚህ የሚሆን ቀላል ሚዛን አለ፤ የተጻፈው ለባለጉዳይዋ ቢነበብላት «አየኝ» ትላለች ወይስ «አጋለጠኝ»? መልሱ ሁለተኛው ከሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ ምንም ያህል ቢያምር መሠረዝ አለበት።

የተጻፈውም ወዲያው ለሰው አይቀርብም። አርማታ ተሞልቶ ውሃ እየጠጣ ይሰነብታል፤ ጥንካሬውም በ28ኛው ቀን ይለካል። ጽሑፍም ያን ያህል ጊዜ በመሳቢያ ቢቀመጥ አይጎዳም። ከዚያ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ፣ ምላስ የሚይዘውን ማቃናት፣ የጸሐፊውን ዐዋቂነት ለማሳየት ብቻ የገባውን ማውጣት ነው። የቀረው ጥቂት ቢሆን አያሳፍርም፤ በወር ከተጻፉት ሦስት መቶ መስመሮች ሃያው ቢተርፉ ልምምዱ ፍሬ አፍርቷል።

የተሠሩ መንገዶች ርዝመትና ወጪ በየመዝገቡ ይገኛል። በአዲሱ መንገድ የመጀመሪያዋ አውቶቡስ ባለፈች ቀን ባለጉልቷ ሽንኩርትና በርበሬዋን አንሥታ ወዴት እንደዞረች፣ ለጎረቤቷስ ምን እንዳለች ግን ያየው ካልጻፈው የትም አይገኝም። ብዙውን ጊዜ በዚያ ቀን በዚያ ሥፍራ ቆሞ የሚያይ፣ እርሳስና ደብተርም ይዞ የሚገኝ የተማረ ሰው መሐንዲሱ ነው። ርዝመቱን ከመዘገበ በኋላ ገጹን ገልጦ ስለ ሴትዮዋ ዐሥር መስመር ቢጨምር፣ ለዛሬ ማታ ይበቃል።