የከፍታው አየርና የፍሬኑ ንፋስ፦ በመንዝና በመርሐቤቴ መንገዶች ላይ ስለ ኮምፕሬሰር ብልሽት አመረማመር



የዛሬው ርእሳችን በአሮጌ የጭነት መኪናና አውቶቡስ ሞተር ጎን ተቀምጦ አየር የሚያምቀው ኮምፕሬሰር ነው። ሹፌሮቻችን «ንፋስ» የሚሉት ከእርሱ ወደ ታንክ የሚገባውን የታመቀ አየር ነው። ኋላ በመጡ ተሽከርካሪዎች ንፋስ ሲያልቅ ጠንካራ ስፕሪንግ የኋላ ጎማዎችን ያስራል። ከቀደሙት በብዙዎቹ ግን ንፋስ ሲያልቅ የእግር ፍሬኑም አብሮ ያልቃል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ከተሠራው የጣርማ በር ዋሻ ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወይም ከለሚ ወደ ጀማ ወንዝ ለሚወርድ ተሳፋሪ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው።

ከመሐል ሜዳ የሚነሳ ሹፌር «ንፋስ ቶሎ አልሞላ አለኝ» ቢለን፣ የተለመደው መልስ «ኮምፕሬሰሩ ደክሟል፤ ይቀየር» የሚል ነው። እኔ ግን ከመልሱ በፊት ስፍራውን እንድትጠይቁ እፈልጋለሁ።

በባሕር ጠለል የአየር ግፊት 1 ባር ገደማ ሲሆን በ3,000 ሜትር ከፍታ ወደ 0.7 ባር ይወርዳል። የ40 ሊትር ታንክን በመለኪያው እስከ 8 ባር ለመሙላት በባሕር ዳርቻ 320 ሊትር የአካባቢ አየር ይበቃል፤ በመንዝ ግን 457 ሊትር ያስፈልጋል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ ኮምፕሬሰር እንኳ በከፍታው ላይ ከ40 በመቶ በላይ ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። የማመቂያው ምጣኔም ከ9 ወደ 12 እጥፍ ገደማ ከፍ ይላል። ይህ የሚወጣውን አየር ይበልጥ ያግለዋል፤ ግለቱም ዘይቱን አቃጥሎ የመላኪያውን ቱቦ በጥላሸት ያጠባል። እንግዲህ ከፍታው አንዳንዴ ጤነኛውን በሽተኛ ያስመስላል፤ አንዳንዴም እውነተኛ በሽታ ያመጣል። ሁለቱን የሚለየው ልኬት ነው።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ ጎማው በድንጋይ ይታገድ። ታንኩ ከሞላ በኋላ ሞተሩ ይጥፋና መለኪያው ይታይ። ፍሬን ሳይረገጥ የሚወርድ ከሆነ ንፋስ ያፈሳል ማለት ነው፤ የሳሙና አረፋ ቦታውን ያሳያል። ሲረገጥ ብቻ ቶሎ የሚወርድ ከሆነ የፔዳሉን ቫልቭና በጎማዎቹ በኩል ያሉትን የፍሬን ክፍሎች እንጠረጥራለን። በሁለቱም ጊዜ ኮምፕሬሰሩን መቀየር ከንቱ ወጪ ነው።

ንፋሱ የማያፈስ ሆኖ አሞላሉ ብቻ ከዘገየ፣ የአየር ፊልትሮው፣ ኮምፕሬሰሩ በቺንጋ የሚዞር ከሆነም የቺንጋው መወጠር ይታይ። ቀጥሎ የመላኪያው ቱቦ ተፈትቶ ውስጡ ይመርመር። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ቫልቭ ተጣብቆ ከቀረም ኮምፕሬሰሩ እየዞረ ምንም አይልክም። ከታንኩ ሥር ውሃ ቢወጣ የሚጠበቅ ነው፤ ብዙ ዘይት ቢወጣ ግን ፋሻው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ሆኖም የተደፈነ ፊልትሮም ዘይት ያስባልና ከፋሻው በፊት ፊልትሮው ይጽዳ። ኮምፕሬሰሩ የሚከፈተው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። በመንዝ ውርጭ በታንክ ያደረ ውሃ ቫልቭና ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ ስለዚህ ውሃው ማታ ሥራ ሲያበቃ ይፍሰስ። ሌላው፣ ኮምፕሬሰሩ የሚዞረው በሞተሩ ፍጥነት ልክ ነው። በቁልቁለት በከባድ ማርሽ የሚወርድ ሹፌር ሞተሩ መኪናውን ይይዝለታል፤ ንፋሱም ይተካል። በፎሌ የሚለቅ ግን በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ያጣል፤ ፍሬን ደጋግሞ ይረግጣል፣ ኮምፕሬሰሩ ደግሞ በዝግታ ይዞራል። በጤነኛ ዕቃ የሚደርስ አደጋ አንዱ ምንጭ ይህ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በባሕር ጠለል የተለካ የመሙያ ጊዜ ለመሐል ሜዳም ሆነ ለራቤል አይሆንም። እያንዳንዱ መኪና ጤነኛ ሳለ፣ በሚሠራበት ከፍታና በአንድ የሞተር ፍጥነት፣ ታንኩ ስንት ደቂቃ እንደሚፈልግ ተለክቶ በደብተር ይጻፍ። ነገ ብልሽት የሚባለው ከዚያ ቁጥር መራቁ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓትና እስክሪብቶ ብቻ ነው። ከእናንተም መካከል ለመመረቂያ ጥናቱ ርእስ የሚፈልግ ካለ፣ ይህን ደብተር ከሹፌሮቹ ጋር መጀመር ይችላል።

 አሁን ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።