መሬት፣ ዕዳና ሥልጣን፦ ከአቴንስ እስከ ጎንደር
(ራማት የዲዲም፣ ነታንያ፣ ለወላጆች የተደረገ ንግግር)



ልጆቻችን በቤት ሴፈር የግሪክን ታሪክ ይማራሉ። እኛ ግሪኮችን የምናውቃቸው፣ እዚህ መጥተን ሐኑካን ማክበር ከጀመርን ወዲህ፣ በንጉሥ አንጥዮኮስ ክፋት ነው። ስለዚህ ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲመጣ ብዙዎቻችን «እኔ አልተማርኩም፣ አስተማሪህን ጠይቅ» እንለዋለን። ነገር ግን የዚያ ታሪክ ዋና ጉዳይ እናንተ በሚገባ የምታውቁት ነው። ይኸውም መሬት፣ ዕዳና ሥልጣን ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በአቴንስ ድሀው ገበሬ ከባለጸጋው ሲበደር መያዣው የራሱ ሰውነት ነበር። መክፈል ካቃተው እርሱም ልጆቹም ለባርነት ይሸጡ ነበር። በእርሻው ላይም የዕዳ ምልክት ድንጋይ ይተከል ነበር። ከዘመናችን በፊት በ594 ሶሎን የተባለው ሹም ዕዳውን ሰረዘ፣ ድንጋዮቹን አስነቀለ፣ በሰው ሰውነት ማበደርንም ከለከለ። መሬቱን ግን ለድሆች አላካፈለም። በ508 ደግሞ ክሌይስቴኔስ ሕዝቡን በዘር ሳይሆን በሚኖርበት መንደር አደራጀው፤ የሕዝብ አስተዳደር የሚባለውም ከዚያ አደገ። ሆኖም ሴቶችና ባሮች ድምፅ አልነበራቸውም። ከውጭ የመጣ ሰውም ግብር ይከፍላል፣ ይዘምታል እንጂ አይመርጥም፤ መሬት መግዛትም አይፈቀድለትም ነበር።

ይህን ስትሰሙ ምን ትዝ ይላችኋል? በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሠው አጼ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ሰው የአባቱን ርስት እንዳይወርስ እንደከለከለ ይተረካል። ርስት ያጣው ወገናችን ጭሰኛ ሆነ፤ ወይም ወደ ብረት ሥራ፣ ወደ ሸማ፣ ወደ ሸክላ፣ ወደ ግንበኝነት ዞረ። በ17ኛው መቶ ዘመን ነገሥታቱ ጎንደርን ሲያስገነቡ ግንበኞቻችንና አናጢዎቻችን ተፈላጊ ሆኑ። ከ1769 እስከ 1855 በዘመነ መሳፍንት ቤተ መንግሥት የሚያሠራ ሲጠፋ ግን ሥራውም ክብሩም ቀነሰ። እንግዲህ ሥልጣን ሲናወጥ አስቀድሞ የሚጎዳው መሬት የሌለው ነው።

1974ን ደግሞ አስታውሱ። በሐምሌ ወር በግሪክ ከ1967 ጀምሮ ሲገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ወደቀ። በመስከረም ወር በኢትዮጵያ ንጉሡ ወርደው ወታደሮች ሥልጣን ያዙ። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀረ፤ ለገበሬ ቤተሰብም እስከ 10 ሄክታር ፈቀደ። ግን ባለቤቱ መንግሥት ነበርና ቆየት ብሎ የእህል ኮታ መጣ።

ዕዳ የሚያጎብጠው ድሀን ብቻ አይደለም። ግሪክ በ2010 ዕዳዋን መክፈል ስላቃታት ለእርዳታ ብድር እጇን ዘረጋች። እስከ 2018 በቆየው በዚያ ዘመን ደመወዝና ጡረታ ተቆረጠ፣ ወጣቱም ሥራ ፍለጋ አገሩን ለቆ ወጣ።

ወገኖቼ፣ እኛም እዚህ ማሽካንታ እንፈርማለን። በይሉኝታም ለዘመድ ዋስ እንሆናለን፤ ዘመዱ ካልከፈለ ባንኩ ወደ ዋሱ እንደሚመጣ ግን አንጠይቅም። የዐሥር ዓመት ልጅ የባንክ ወረቀት እንዲተረጉምልን ማድረግ ለእርሱም ለእኛም ጉዳት ነው። ሳይገባችሁ አትፈርሙ፤ ወረቀቱን ወደ ቤት ውሰዱና ቋንቋውንም ሕጉንም የሚያውቅ ሰው ያንብብላችሁ። የምርጫ ቀን ሲደርስም ድምፃችሁን ስጡ፤ በአቴንስ መጻተኛው የተነፈገው፣ በእናንተ እጅ ያለ መብት ነው።

ልጃችሁ ስለ ሶሎን ሲያነብ አጠገቡ ተቀመጡ። እርሱ በዕብራይስጥ ያንብብ፤ እናንተ ደግሞ ጭሰኛ ከአዝመራው ለባለመሬቱ ስንት እጅ ይሰጥ እንደነበረ በአማርኛ ንገሩት። ያን ጊዜ አባቱ ያልተማረ ሳይሆን መጽሐፉ ያልጻፈውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያያል።