አሮጌ ሞተርና ቱርቦ በወለጋ ዳገቶች



ከጊምቢ ቡና ጭኖ የዴዴሳን ድልድይ የተሻገረ አሮጌ ፊያት 682 ኤን 3 ወደ ነቀምቴ ሲወጣ ጥቁር ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍ ያለች ናት፤ አየሯም በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስተኛ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ፓምፑ ናፍጣውን ሳይቀንስ ይልካል፤ የሚያቃጥለው አየር ግን ጎድሏል። ጭሱ በወጉ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው፤ ያውም ባለንብረቱ በገንዘቡ የገዛው።

የስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ እ.ኤ.አ. በ1905 በስሙ ያስመዘገበው ቱርቦ ይህን ጉድለት ሊሞላ ይችላል። በሚወጣው ጭስ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ዳሩ ግን ቱርቦ በተገጠመ ማግስት የፓምፑን ብሎን ፈትቶ ናፍጣ ለመጨመር እጅ ይቁነጠነጣል፤ ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ለዚህ ግፊት አልታሰበምና ፒስቶኑ ይቀልጣል፤ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ይቃጠላል። ለአሮጌ ሞተር ከፍታው የወሰደበት አየር ቢመለስለት ይበቃዋል።

የዘይቱ ነገርም አለ። ዳገቱን ጨርሶ ነቀምቴ የገባ ሾፌር ሞተሩን ወዲያው ቢያጠፋ፣ በጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ከስሎ ኩሽኔታውን ይበላል። ሻይ ቤት ከመግባቱ በፊት ነዳጅ ሳይረግጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያሠራው።