የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ

ከተማችን ሳንጃ ቆላ ናት፤ በሙቀቱ ወራት መስኮት ዘግቶ መተኛት ይከብዳል። ያን ጊዜ የጎረቤት ውሻ ጩኸት አልጋ ድረስ ይዘልቃል።

ጅብ ወይም ሌባ አይቶ ቢጮኽ ሥራው ነው፤ ማንም አይከሰውም። የሚያስቸግረው ሌሊቱን ሙሉ ሲያላዝን ነው። ቀኑን በአጭር ገመድ ታስሮ የዋለ፣ ውኃ ያልቀረበለት፣ በአጥር ቀዳዳ አላፊ አግዳሚውን የሚያይ ውሻ ዝም አይልም። እናም ባለቤቱን ንዴታችሁ ሲበርድ በቀን አነጋግሩ፤ ገመዱ ይርዘም፣ ቀዳዳው ይደፈን።

ሕግም አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅ፣ ጭስ ወይም መጥፎ ሽታ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። በአንቀጽ 2071 ደግሞ እንስሳው አምልጦም ቢሆን ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂው ባለቤቱ ነው።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ከክስ በፊት ሽማግሌ ይቅደም። ከፍርድ በኋላም እሳት የምትጫጫሩት ከዚያው ሰው ጋር ነው። ውሻውን መመረዝማ በፍጹም! የተመረዘ ሥጋ ሕፃንም ሊያገኘው ይችላል።

ባለ ውሾች፣ እናንተም ውሻችሁን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከትቡ።